ጎንደር ላይ የሚያስደስት ያገለገለ ስፖርት መኪና፦ በ1.5 ሚሊዮን ብር ምን ልግዛ?

ዓርብ ማታ በመኪና ወዳጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ጠየቅኩ። እስከ ማክሰኞ ድረስ 31 መልስ መጣ። ጥያቄዬን አስቀድሜ መልሶቹን በየቁጥራቸው እተርክላችኋለሁ። ሁሉንም እኩል አላወራም። አንዳንዱ የሳቅ ምልክት ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ደግሞ ሁለቴ አንብቤው እንቅልፍ የነሳኝ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። ማራኪ ነው የምኖረው። አምስት ዓመት አውቶማቲክ ቪትዝ ነድቻለሁ። ምንም ክፉ አላደረገችኝም። ግን አንድ ቀን አቁሜያት ስሄድ ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም። ባለፈው ወር ሸጥኳት። አሁን 1.5 ሚሊዮን ብር አለኝ። ሥራ የምሄደው በእግሬ ስለሆነ መኪናው የእሁድ ነው። እሁድ ጠዋት ወደ ጎሃ ዳገት መውጣት፣ ወደ ወለቃ ወርዶ መመለስ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን ደግሞ ደባርቅ ድረስ መሄድ እፈልጋለሁ። ማርሽ በእጄ መቀየር አለብኝ። ሁለት በር ቢሆን አልጠላም። በልቤ ያለችው ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ናት፣ ሚያታ የሚሏት። ምን ትሉኛላችሁ?

ቁጥር 1 እና 2 ተከታትለው ገቡ። አንዱ ሄጄ ቪትዟን መልሼ እንድገዛ መከረኝ። ሌላው ስፖርት መኪና ይዤ አራዳ ላይ ከባጃጅ ጋር ስጋፋ ታይቶት ሲስቅ አመሸ።

ቁጥር 3 ጨዋ ሰው ነው፣ አዘዞ ይኖራል። ምክር ከመስጠቱ በፊት ሦስት ነገር ጠየቀኝ። ደጃፌ ኮብልስቶን ነው ወይስ አፈር? መኪናው የሚያድረው ቆርቆሮ ሥር ነው ወይስ ውጭ? መለዋወጫ ስጠብቅ መኪናው ስንት ቀን ጋራዥ ቢቆም እታገሣለሁ? ሦስተኛውን ጥያቄ ያኔ ቀለል አድርጌ አየሁት። ኮብልስቶን፣ ቆርቆሮ ሥር፣ ሁለት ሳምንት ብዬ መለስኩለት። በኋላ ክሩ (ውይይቱ) ሁሉ በዚያ ሦስተኛ ጥያቄ ዙሪያ ሊዞር ነው፣ ማን አውቆ።

ቁጥር 4 የቀሃ ልጅ ነው። አሁን ቨርጂኒያ ነው ያለው፣ ሚያታ አለው። ረጅም ጽፏል፣ ከልቡ ነው የጻፈው። ሚያታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው በፈረንጆቹ 1989 ቺካጎ የመኪና ትርኢት ላይ እንደሆነ ነገረን። የመጀመሪያዋ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 116 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፣ ክብደቷም ከ1,000 ኪሎ በታች ነው። የሚነዳት የኋላ ጎማ ነው። መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብቅ ይላል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማንም ቤተሰብ ጭኖ የሚሄድ መኪና ሊቀድማት እንደሚችል ሳይደብቅ ተናግሯል። ጣዕሟ ኩርባ ላይ ነው። ማርሿ አጭር ስለሆነ ከእጅ አንጓ በላይ አያንቀሳቅስህም፣ መንገዱ ላይ ያለውን ጠጠር በመሪው ትቆጥረዋለህ ነው የሚለው። በ60 ስትሄድ 100 የሄድክ ይመስልሃል፣ ቅጣት የለ፣ አደጋ የለ፣ ደስታው ግን ሙሉ ነው።

ደግሞ ጉዷንም አልሸሸገም። የሸራ ጣሪያዋ ውሃ የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። ቅጠል ሲደፍናቸው ውሃው ከበሩ ኋላ ባለው የታችኛው ጠርዝ ውስጥ ይቋጠርና ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ቀለሙ ላይ ትንሽ እብጠት ካየህ ውስጡ ያለቀ ነው። የሱን ለማሠራት መኪናዋን ከገዛበት ብር የሚስተካከል ወጪ እንዳወጣ ነገረን።

እኔ በዚህ ጊዜ ሚያታን ገዝቼ ጨርሻለሁ። ጣሪያዋን ከፍቼ ጥምቀት ማግስት ፒያሳን ስዞር ታይቶኛል።

ቁጥር 5 መጥቶ ቀሰቀሰኝ። መካኒክ ነው፣ ጎንደር ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቷል። ምክሩ ደረቅ ነው ግን ውሸት የለበትም። ያቺን መኪና ከየት ነው የምታመጣው ብሎ ጀመረ። ጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን መንግሥት አስታውቋል። ከዚያ በፊትም አዋጅ 1186/2012 አሮጌ መኪና ላይ ከባድ ኤክሳይዝ ታክስ ጥሎ በሩን አጥብቦት ነበር። እንደ ምንም አዲስ አበባ ውስጥ አንዷን ባገኛት እንኳ ፍሪሲዮኗ ቢለቅ ምን ላደርግ ነው? ለኮሮላ ቢሆን አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ፣ ስልክ ይደውላል፣ ዕቃው በአውቶብስ ተጭኖ ይመጣል። ለሚያታ ግን ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ መጠበቅ ነው። ሻንጣው ውስጥ ደግሞ ከፍሪሲዮን በፊት የእናቴ መድኃኒትና የእህቴ ጫማ ይገባሉ አለ። እውነቱን ነው።

ቁጥር 6 በትህትና አረመው። የተከለከለው ማስገባት እንጂ ቀድሞ የገባውን መግዛትና መሸጥ አይደለም፣ ሊብሬ አሁንም በስም ይዛወራል። ቁጥር 7 ላይ መካኒኩ ተመልሶ መጣ። እርማቱን ተቀበለ፣ ግን አልወደደውም። እሱ ያለው ስለ ሚያታ እንጂ ስለ ገበያው ሁሉ እንዳልሆነ አስረግጦ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ቁጥር 6ን በስሙ ጠርቶ አያውቅም፣ የሕግ ባለሙያው እያለ ነው የሚያልፈው።

ቁጥር 8 አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ቶዮታ ሴሊካ አገኘሁ አለ። ብርማ፣ የ2001 ሞዴል፣ ማንዋል፣ ሁለት በር። የተጠራው ዋጋ ከኔ ብር ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፈው። ይሄ ሰው መኪና ያውቃል። ያ ሴሊካ ከ1999 እስከ 2006 የተመረተው ትውልድ ነው፣ ቀለል ባለው ምድብ ውስጥ ያለው 1.8 ሊትር ሞተሩም ዋንዜድዜድ የሚባለው ነው። ያው ሞተር ደግሞ ኮሮላ ውስጥም ገብቷል። ስለዚህ የመካኒኩ የሶማሌ ተራ መከራከሪያ እዚህ ላይ አይሠራም። በላብ የማያጣብቅ ወንበር እንዳለው ሳይቀር ጽፏል።

ልቤ ከሚያታ ወደ ሴሊካ ሲሻገር አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ታማኝ አይደለሁም ማለት ነው።

ቁጥር 9 ግን ያንኑ መኪና ነድቶት ያውቃል። ባሕር ዳር ነው የሚኖረው። መኪናው ዘይት ይጠጣ ነበር አለ። ምክንያቱንም ነገረን። የዚያ ሞተር የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒስተኖች ዘይት የሚመለስባቸው ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ናቸው። በጊዜ ብዛት ይደፈናሉ፣ ቀለበቱ ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ማቃጠያው ይገባል። በኋላ የወጡት ተስተካክለዋል፣ የ2001 ግን ከፊተኞቹ ነው። እሱ ኋላ ወንበር ሥር ሁልጊዜ አንድ ጀሪካን ዘይት ይዞ ነበር የሚሄደው። ሚስቱ ጀሪካኑን እያየች ትስቅበት ነበር፣ በኋላ ግን ሳቋን ተወች።

መሞከሪያውንም አስተማረን፣ ይሄን ያዙልኝ። ረጅም ቁልቁለት ትፈልጋለህ። እግርህን ከነዳጁ ላይ ታነሳና መኪናውን በማርሽ ይዘህ ትወርዳለህ። ታች ስትደርስ ነዳጁን ጠበቅ አድርገህ ትረግጣለህ። ከኋላ በሌላ መኪና የሚከተልህ ወዳጅህ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን) ይመለከታል። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ ካለ፣ ደላላው የፈለገውን ይማል፣ ዞር በል።

ቁጥር 10 አጭር ነው። ዝቅ ያለ መኪና የማራኪን ኮብልስቶንና የመንገድ ጉብታ ሲያልፍ ፓራውልቱን (መከላከያውን) እዚያው ትቶ ነው የሚያልፈው አለ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ፊዚክስ ክፍል ገባ። ቁጥር 11 የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 78 በመቶ አካባቢ ነው። ሞተር ደግሞ የሚተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱን ወደ አንድ አምስተኛ ያጣል። የቀሃው ልጅ 116 ፈረስ ጎንደር ሲገባ ወደ 90 ይወርዳል። 2,850 ሜትር ላይ ያለችው ደባርቅ ሲደርስ ይብስበታል።

ቁጥር 12 አላመነም። የሱ መኪና ጎንደር ላይ ደክማ አታውቅም። መምህሩ ቁጥር 13 ላይ ምላሽ ሰጠ። ድካሟን የማታውቀው ሌላ ቦታ ነድተሃት ስለማታውቅ ነው አለው። ትንሽ ስለታም ነች፣ ግን ልክ ነው። እኔም አንድ ጊዜ መተማ ወርጄ የአጎቴን ፒክአፕ ነድቻለሁ። ያው መኪና፣ ያው ጭነት፣ ግን ቆላ ላይ ሌላ ነፍስ የዘራ ይመስል ነበር። ያኔ አጎቴ ሞተር አሠርቶ የደበቀኝ መስሎኝ ነበር።

ቁጥር 14 እንዲያውም ተርቦ ያለው መግዛት ነው አለ፣ ጎልፍ ጂቲአይ። ተርቦ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙ አያደክመውም፣ እውነት ነው። መካኒኩ ግን ቁጥር 15 ላይ ገባ። ተርቦ ያለው መኪና ጥሩ ዘይት በሰዓቱ ይፈልጋል፣ ዳገት ወጥተህ ስታቆም ወዲያው ማጥፋት የለብህም። እሱ ጋ የሚመጡት ግን ዘይቱን ካልጠቆረ የማይቀይሩ፣ ሲደርሱ ቁልፍ ነቅለው የሚሮጡ ናቸው። ተርቦው ሲሞት ደግሞ ጥፋቱ የመካኒክ ይሆናል።

ቁጥር 16 የኤሌክትሪክ መኪና እንድገዛ መከረኝ። ኤሌክትሪክ አየር አይተነፍስም፣ ጎንደርም ደባርቅም አንድ ነው፣ ገና ስትነካው ይወረወራል። ምክሩ ጥሩ ነው፣ ብሩ ግን አይበቃም። ማርሽም የለውም።

ቁጥር 17ን ሳነብ አዘንኩ። ጸሐፊው አንድ ጊዜ በአሮጌ ቢኤምደብሊው ፍቅር የወደቀ ሰው ነው። ኢ46 የሚባለው ሞዴል ነው። መሪው፣ ማርሹ፣ የወንበሩ አያያዝ፣ ሁሉንም እንደ ድሮ ሚስቱ ነው የሚያነሳው። ግን የዚያ መኪና የውሃ ማቀዝቀዣ ብዙ ክፍሉ ፕላስቲክ ነው፣ ሲያረጅ እንደ ብስኩት ይሰበራል። አዲስ ዘመንን አልፎ ወደ ወረታ ሲወርድ የውሃ ማጠራቀሚያው ተሰነጠቀ። የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ አላየም፣ ሙዚቃ ከፍቶ ነበር። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጎበጠ፣ ጓርኒሲዮኑ (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ሄደ። መኪናው ተጎትቶ ወደ ጎንደር ሲመለስ እሱ የተቀመጠው የጭነት መኪናው ላይ ነው፣ ከላይ ሆኖ የመኪናውን ጣሪያ እያየ። ከዚያ ስድስት ወር ጋራዥ ቆመ። ቀስ በቀስ ዶሮ ተኛበት። አሁንም ያንኑ ዓይነት የሚሸጥለት ቢያገኝ እንደሚገዛው ነው የነገረን።

ቁጥር 18 ይሄን አንብቦ የተሳደበው ነው። አገር እንዲህ ሆኖ ስለ መዝናኛ መኪና የምታወሩ ሰዎች ጤነኞች አይደላችሁም የሚል ነበር መንፈሱ። ሁለት ሰው ተቆጣው፣ አስተዳዳሪው የተቆጡትንና ግማሽ ስድቡን አጠፋ። እኔ አልመለስኩለትም። ትንሽ እውነት ስላለበት ነው።

ቁጥር 19 ላይ አንድ አዛውንት ገቡ። ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ጽሑፋቸውን የልጅ ልጃቸው እንደሚተይብላቸው አስቀድመው ተናግረዋል። እሳቸው ሲገቡ ክሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ጋሼ ማለት ጀመረ፣ መካኒኩ ሳይቀር። ጋሼ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ጭነት መኪና ይዘው ሊማሊሞን ይወርዱ ነበር። ጣሊያን ያወጣው መንገድ፣ አንዱ ጠመዝማዛ ሌላኛው ላይ የተጣለ፣ በአንድ ወገን ግድግዳ በሌላው ገደል። ወጣት ሆኖ የሚወርድ ሁሉ ፍሬን ላይ ይቆማል፣ ከግማሽ በኋላ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ይመጣል፣ ከሽታው ቀጥሎ የሚመጣውን ሊነግሩን አልፈለጉም። የሳቸው ሕግ አንዲት ናት። ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ስለ ፈረስ ጉልበት ስናወራ ሁለት ቀን አለፈን፣ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን አንድ ሰው እንኳ አላነሳም አሉ። መኪናውን በሙሉ ብሬ ከገዛሁ በምን ጎማ ልቀይር ነው? ያረጀ ጎማ ላይ ያለ ፈጣን መኪና በሳቸው አባባል ደስታ አይደለም፣ የለቅሶ ዋዜማ ነው። ጥርስ ጨርሶ ያልተበላ ጎማ እንኳ ቢሆን ዓመቱን እዩ፣ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ፣ የደረቀ ላስቲክ ዝናብ ላይ ሳሙና ነው። ይሄን ከተየበች በኋላ የልጅ ልጃቸው ከራሷ ጨምራ፣ ጋሼ አሁንም ታክሲ ውስጥ ሆነው ሾፌሩን ማርሽ እንደሚያዙት ነገረችን።

ቁጥር 20 እና 21 መንገድ ስተው ኬንያ ገቡ። አንዱ ስፖርት መኪና ማለት ዝቅ ያለ ማለት እንዳልሆነ ለማስረዳት የሳፋሪ ራሊን አነሳ። በፈረንጆቹ 1954 ያሸነፈው ቮልስ ነው፣ ያው እኛ ሠፈር በየግቢው የቆመው ቮልስ። ዳትሰን 240ዜድ ደግሞ በ1971፣ በ1972 እና በ1973 ተከታትሎ አሸንፏል አለ። ሁለተኛው ወዲያው ያዘው። በ1972 ያሸነፈው ፎርድ ኤስኮርት ነው፣ ዳትሰኑ 1971 እና 1973 ነው። ደግሞ ፔጆን ረስተሃል፣ 404 ብቻውን አራት ጊዜ ወስዶታል አለው፣ 1963፣ 1966፣ 1967፣ 1968። ከዚህ ሁሉ ለኔ የሚሆን ምክር አልወጣም፣ ግን ደስ ይላል።

ቁጥር 22 በአራት መስመር ክሩን አዞረችው። ቁስቋም አካባቢ ነው ቤቷ። አባቷ መምህር ነበሩ፣ አሁን አይነዱም። የሳቸው ቶዮታ ዲኤክስ ግቢ ውስጥ ቆሟል። መንዳት የተማረችው በሱ ነው። ስፖርት እንዳልሆነ ታውቃለች፣ ግን አባቷ በሌሉበት ቁልቁለቱን ስትወርድ የነበራትን ሳቅ በሌላ መኪና አግኝታው አታውቅም። የሚፈልግ ካለ ይሸጣል፣ ለደላላ ግን አይሸጥም።

ሰው ሁሉ ለደቂቃ ዝም አለ። ከዚያ ሳቁ መጣ። ዲኤክስ! የመምህር መኪና፣ የቀብር መኪና፣ በግ የሚጫንበት።

ቁጥር 23 ተማሪ ነው፣ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ። የሳቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አረመ። የዲኤክሱ የፋብሪካ ስም ኬኢ70 ነው። የሚነዳው የኋላ ጎማ ነው። ክብደቱ ከ1,000 ኪሎ በታች ነው። ከ1983 እስከ 1987 የተመረተው፣ በጃፓን የተራራ ኩርባዎች ላይ ስሙ የገነነው ኤኢ86 ኮሮላ የተሠራው የዚህን መኪና ወለል ይዞ ነው። ሞተሩ ነው እንጂ የሚለየው፣ ያኛው 1.6 ሊትር ሁለት ካም ሻፍት ነበረው፣ ዲኤክሱ ግን 1.3 ሊትር ሽማግሌ ነው። ከታች ግን የአክስት ልጆች ናቸው። ሚያታን ለምን ወደድከው ብሎ ጠየቀኝ። ቀላል ስለሆነ፣ ከኋላ ስለሚነዳ፣ ማርሽ ስላለው አይደለም? ታዲያ ያ ሁሉ ቁስቋም ግቢ ውስጥ ቆሞልሃል አለ።

ይሄን ያነበብኩት ሌሊት ነው። አልተኛሁም።

ቁጥር 24 መካኒኩ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ያለው ይመስላል። ሄጄ ሳይ ምን እንደምይዝ ነገረኝ። ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልል፣ በሮቹና የጎማ ቅስቶቹ ላይ አስጠጋ። ካልያዘ ቆርቆሮው የለም፣ ስቱኮ ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ሂድ፣ ቀድመው አሙቀው ከጠበቁህ ጠርጥር። የዘይት ክዳኑን ክፈት፣ ከሥሩ እንደ ማዮኔዝ ነጭ ነገር ካለ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳክር። ትርፍ ጎማውን አንስተህ ወለሉን በአውራ ጣትህ ተጫነው።

እሁድ ጠዋት ሄድኩ። መኪናው ነጭ ነበር፣ አሁን የቅቤ ቀለም ይዟል። ከኋላ ጎማው ሥር አንድ ድንጋይ ተሸጉጧል። የእጅ ፍሬን ማለት ነው። ልጅቷ ድንጋዩን በእግሯ ገፋ ስታደርገው ብዙ ጊዜ እንዳደረገችው ያስታውቃል። አባቷ በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ሰላም አልኳቸው፣ ማግኔቱን አዩብኝና ፈገግ አሉ።

ማግኔቱ በሁለት ቦታ አልያዘም፣ የግራ የኋላ ቅስትና የቀኝ በር ታችኛው ጫፍ። ሌላው ቆርቆሮ ነው። ኮፈኑን ስነካው በረዶ ነው። ትርፍ ጎማውን ሳነሳ ወለሉ ደረቅ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ዝገት፣ ከሥሩ ደግሞ የተጣጠፈ የ8ኛ ክፍል የሒሳብ ፈተና ወረቀት። ከአሥራ አምስት ስድስት ያገኘ ልጅ ነው። ለአባቷ ሰጠኋቸው። ስሙን አይተው ይሄ ልጅ አሁን ኢንጂነር ነው አሉኝ።

ልጅቷ ቾኩን ሳበች፣ ሁለቴ አንቃ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ነዳጅ ይሸታል። ማርሹ አራት ነው፣ ሁለተኛው ሲገባ ትንሽ ያጉረመርማል። ወደ ታች ስንወርድ ልጅቷ እንዳለችው በማርሽ ይዤ ወረድኩ፣ ጋሼም እንዳሉት። ኩርባው ላይ መሪውን ሳዞር ከጀርባዬ ያለው ጎማ ሲገፋኝ ተሰማኝ። ፍጥነቱ 45 ነበር። ባጃጅ ቀደመን። እኔ እየሳቅኩ ነበር።

ታች ደርሰን ነዳጁን ስረግጥ ልጅቷ በመስኮት አንገቷን አውጥታ ማርሚታውን አየች። ሰማያዊ የለም፣ ጥቁር ግን አለ። 700 ሺህ ብር ነው የጠየቀችው። አልተከራከርኩም፣ እናስብበት ብቻ ነው ያልኩት።

ፎቶውን ስለጥፍ ቁጥር 25 ምስጋና፣ ቁጥር 26 ንዴት ሆኖ መጣ። ተናዳጁ ሴሊካውን ያገኘልኝ ቁጥር 8 ነው። ስፖርት መኪና ብዬ ጠይቄ የሰው ጊዜ አባክኜ ዲኤክስ እንደምገዛ፣ መጀመሪያውኑ ወስኜ እንደመጣሁ፣ ይሄ ስፖርት ከተባለ የሱ አያት በቅሎም ስፖርት እንደሆነች ጻፈ። ይቅርታ ጠየቅኩት። አልወሰንኩም ነበር። ግን ስለ በቅሎዋ ምን እንደምል አላውቅም፣ ደጋ ላይ ጥሩ በቅሎ መጋለብ ምን እንደሚመስል አያቱን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

ቁጥር 27 መምህሩ ነው። ጥቁሩ ጭስ የከፍታ ነው አለ። ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) እንደ ዘመኑ መኪና ራሱን አያስተካክልም። ለዝቅተኛ ቦታ ከተስተካከለ እዚህ አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የነዳጅ ቀዳዳውን በትንሽ ቁጥር መቀየር ነው። መካኒኩ ቁጥር 28 ላይ ተስማማ፣ ሁለቱ ሲስማሙ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ቁጥር 29 የ1.6 ባለ ሁለት ካም ሞተር እንድገጥምለት ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር 6፣ የሕግ ባለሙያው፣ ቁጥር 30 ላይ መጥቶ አቆመው። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሳያስፈቅዱ ሞተር ቀይሮ ቦሎ ለማሳደስ መሄድ ራስን መክሰስ ነው።

ሰኞ ከሰዓት ብሩን ከፈልኩ። የቀረው ብር ለአራት ጎማ፣ ለፍሬን ሸራ፣ ለሾክና ለእጅ ፍሬኑ ገመድ ነው። ድንጋዩንም ይዤው መጣሁ፣ ገመዱ እስኪመጣ። መካኒኩ ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አምጣው ብሎኛል፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ካርቡራተሩን ሊያየው ይፈልጋል።

ቁጥር 31 ማክሰኞ ማታ ገባ። ቁጥር 17 ነው፣ የቢኤምደብሊዉ ሰውዬ። ሴሊካው አሁንም አልተሸጠ እንደሆነ፣ የባለቤቱንም ስልክ በውስጥ መስመር እንድልክለት ጠየቀኝ። ላክሁለት። ጀሪካን እንዲያዘጋጅም ነገርኩት።